ዴክሳውን ወደ ቦታው መልሱት፦ ስለ ዓይን ፈንገስ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «የዓይን ፈንገስ፤ ምልክቱና የቤት ውስጥ መፍትሔው» የሚል ጽሑፍ ባሕር ዳር ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔም ደርሶኛል። የላኩልኝ ሰዎች «እውነት ነው ወይ?» ብለው አልጠየቁኝም። «ይኼ ጠብታ አላችሁ ወይ?» ነው ያሉኝ። የምሠራው መድኃኒት ቤት ነውና ጥያቄው አይገርምም። ያስጨነቀኝ የጠየቁት ጠብታ ነው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። የተጻፈው በጣና ዳር ለምንኖር ሰዎች ነው። ዓይን ከቀላና ካሳከከ ፈንገስ ነው ይላል። መነሻው የሐይቁ ውሃና እንቦጩ ነው፤ ከሰው ወደ ሰውም ይተላለፋል ይላል። መጀመሪያ ጨው ውሃ፣ የጡት ወተት ወይም የቅጠል ጭማቂ ሞክሩ ይላል። ካልለቀቀ ቴትራሳይክሊን ቅባት፣ እሱም ካልሠራ ዴክሳሜታዞን ጠብታ ያዝዛል። ዓይን ዙሪያ ያለው ቆዳ ከተነካ ደግሞ ያገኛችሁትን የፈንገስ ቅባት ቀቡ፤ በ7 ቀን ይድናል ይላል። ጠበል የጀመረ ሰው መድኃኒቱን ያቁም የሚል መስመርም አለበት። መጨረሻ ላይ ስለ «ጥቁር ፈንገስ» አስፈራርቶ ይዘጋል።

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት እገምታለሁ። እጅ ታጠቡ፣ ኩልና ፎጣ አትዋዋሱ ያሉትም ትክክል ነው፤ እኔም እፈርምበታለሁ። የቀረውን ግን እንዳለ ማለፍ አልችልም።

ከመጀመሪያው እንነሳ። «ዓይን ከቀላና ካሳከከ ፈንገስ ነው» ብለዋል። አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ሁለቱም ዓይኖቹ ቀልተው ሲያሳክኩት የሚውል ልጅ፣ በተለይ አቧራው በሚበረታበት ወቅት፣ ብዙውን ጊዜ ያለበት አለርጂ ነው። ድንገት ቀልቶ፣ ጠዋት ሽፋሽፍቱ በዓይናር ተጣብቆ፣ በሳምንት ውስጥ ቤተሰቡን በሙሉ ካዳረሰ ደግሞ ቫይረስ ወይም ባክቴሪያ ነው። ትራኮማም አለ። ክልላችን በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ትራኮማ የሚመጣው በባክቴሪያ ነው። ለዚህም ነው በዘመቻ ዚትሮማክስ የሚታደለው። ዚትሮማክስ ፈንገስን አይነካውም።

ሌላም አለ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ግማሽ ግንባር ላይ ብቻ፣ በአንድ በኩል፣ የሚያቃጥል ሽፍታ ወጥቶ ወደ ዓይን ቆብ ከወረደ አልማዝ ባለጭራ ነው። ይኼ ቫይረስ ነው። የአፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ዓይኑም የመነካቱ ዕድል ሰፊ ነው። የቫይረሱ መድኃኒት ደግሞ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚሠራው። ይኼን «ፈንገስ ነው» ብሎ ቅባት እየቀቡ መሰንበት ጊዜ ማቃጠል ነው።

ታዲያ ዓይን ውስጥ የገባ ፈንገስ ምን ይመስላል? ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይን ብቻ ነው። ማሳከክ ሳይሆን ሕመም ነው። ብርሃን ማየት ያቅታል፤ ዓይን ያለቅሳል፤ እይታ ይደበዝዛል። ሰውዬውን ወደ ደጅ አውጥታችሁ ዓይኑን በቀን ብርሃን ብታዩት፣ ጥቁሩ ላይ ነጭ ወይም ግራጫ ነጥብ ታያላችሁ። ነጥቡ ጠርዙ ጥርት ያለ አይደለም፤ እንደተበጠሰ ጥጥ የተንጨበረረ ነው። አንዳንዴ ከዋናው አጠገብ ትንንሽ ነጠብጣቦች ይኖራሉ። ከባክቴሪያው ይልቅ ቀስ ይላል። በቀናት፣ አንዳንዴም በሳምንታት ነው የሚያድገው። ይኼ ቀስ ማለቱ ነው ሰውን የሚያዘናጋው።

የጽሑፉ ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን «ፈንገስ» በሚል አንድ ስም ጠቅልሎ አንድ ዓይነት ምክር ሰጥቷል። ዓይን ዙሪያ ያለው ቆዳ ላይ የሚወጣው ጭርት ጊዜ ይሰጣል። ዛሬ ባትታከሙት ነገ ትታከሙታላችሁ፤ ቢበዛ ያሳክካል፣ ያስጠላል። ኮርኒያ ላይ፣ ማለትም ከዓይኑ ጥቁር ፊት ለፊት ባለው ጥርት ያለ ሽፋን ላይ የሰፈረው ግን ጊዜ አይሰጥም። እዚያ ላይ ያለፈ ሳምንት ጠባሳ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ነጥባቸው ሐይቁ ነው። ጣና ላይ የሚወራው ክፉ ወሬ አልበቃ ብሎ ይኼም ተጨመረ! እንቦጭ ጣና ላይ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ በደል አድርሷል። የዓይን ፈንገስ ግን የእሱ ሥራ አይደለም። እነዚህ ፈንገሶች አፈር ውስጥ፣ ተክል ላይ፣ ገለባ ውስጥ ይኖራሉ። ፉሳሪየም የሚባለው በቆሎና ስንዴ የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው። አስፐርጂለስ የሚባለው እርጥብ ሆኖ የተከማቸ እህል ላይ ይወጣል። ብናኛቸው የሁላችንም ዓይን ላይ በየቀኑ ያርፋል። ምንም አያደርገንም፤ ምክንያቱም ጤነኛ ኮርኒያ አያሳልፋቸውም። የሚገቡት ሲጫር ነው። ጭረቱን ያደረሰው ነገር የዕፅዋት ዘር ከሆነ ደግሞ መቁሰያውም መበከያውም አንድ ላይ ይሆናል።

ስለዚህ ሐይቁን ትታችሁ አውድማውን ተመልከቱ። ፎገራ ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ሩዝ ሲወቃ የገለባው ብናኝ አየር ላይ ይቆማል። እስያ ውስጥ የሩዝ ገለባ የታወቀ የዓይን ጠንቅ ነው፤ እዚህም ገለባው ያው ገለባ ነው። ጤፍ ሲበራይ፣ እብቁን ለመለየት በላይዳ ወደ ላይ ሲበተን፣ ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር የሚሆነውን ገበሬ ያውቀዋል። ዘጌ ጫካ ውስጥ ቡና ሲለቅም ቅርንጫፍ የመታው ሰው፣ ታንኳ ሊሠራ ደንገል ሲያጭድ ጫፉ የወጋው ሰው፣ የባጃጅ መስኮት ከፍቶ አቧራና ገለባ ዓይኑ የገባበት ሰው ተጠንቀቁ ሊባሉ የሚገባቸው እነሱ ናቸው። እንቦጭ በእጁ የሚነቅል ሰውም ዓይኑን ተክሉ ከጫረው ያው ነው። ያኔም ጥፋቱ የጭረቱ እንጂ የውሃው አይደለም።

በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዚህ የኮርኒያ ፈንገስ ይያዛሉ ይላል። አብዛኞቹ በእስያና በአፍሪካ ነው ያሉት። ከተያዙት ዓይኖች ከ8 እስከ 11 በመቶ የሚሆኑት ተቆርጠው ይወጣሉ ተብሎም ተገምቷል። የሚያዘው እንግዲህ በብዛት በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ነው።

ጽሑፉ የዘለለውን አንድ ነገር በዚህ አጋጣሚ ላንሳ። ለሠርግ ተብሎ የሚደረገው ባለ ቀለም ሌንስ! ከመዋቢያ ሱቅ ተገዝቶ፣ በቧንቧ ውሃ ታጥቦ፣ ከጓደኛ ጓደኛ እየተዋዋሱ ይደረጋል። በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካና ሌሎች አገሮች ውስጥ የፉሳሪየም ወረርሽኝ ተነስቶ አንድ ታዋቂ የሌንስ ማጠቢያ ፈሳሽ ከገበያ ወጥቷል። በተሟላ ንጽሕና በሚኖሩ ሰዎች ላይ ይኼ ከሆነ፣ በምራቅ አርጥቦ የሚያደርግ ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል ገምቱ። (አዎ፣ በምራቅ የሚያረጥቡ አሉ።)

«ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። የቆዳው ጭርት ይተላለፋል። ልጁ ራስ ላይ ቆረቆር ካለ እናቱ ፊት ላይ ጭርት ቢወጣ አይግረማችሁ። ከድመትም ይመጣል። ከጥጃም ይመጣል። ላም ሲያልቡ ግንባርን ወይም ጉንጭን ከላሟ ጎን ማስጠጋት ልማድ ነው፤ ቅንድብና ጉንጭ ላይ ጭርት የወጣባቸው ሰዎች ሲመጡ ቤታቸው የታመመ ከብት አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። የኮርኒያው ፈንገስ ግን እንዲህ አይደለም። ከባለቤቱ ወደ ሌላው ቤተሰብ አይሄድም። የታመመውን ሰው ማግለል፣ ለብቻው ማስተኛት ምንም አይጠቅምም። ፎጣ መለየት ግን ለትራኮማም ለሌላውም ይበጃልና ቀጥሉበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

«ቴትራሳይክሊን ቅቡ፤ ካልሠራ ዴክሳሜታዞን ጠብታ አድርጉ።»

ቴትራሳይክሊንን በተመለከተ ልከራከር አልፈልግም። 1 በመቶ የዓይን ቅባቱ በየቤቱ አለ፤ ለትራኮማ ጥሩ ሆኖ አገልግሏል። ፀረ ባክቴሪያ ቅባት ዓይን በተጫረ ዕለት ጥቅም እንዳለውም ይታወቃል። ኔፓል ውስጥ ባክታፑር በሚባል አካባቢ፣ ዓይናቸው ለተጫረ ገበሬዎች የመንደር ጤና ሠራተኞች 1 በመቶ ክሎራምፌኒኮል ቅባት በቀን 3 ጊዜ ለ3 ቀናት ሰጥተው ነበር። በቶሎ የመጡት ቁስል ሳይፈጠርባቸው ድነዋል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ጤና ጣቢያዎቻችንም ሊሠሩት የሚችሉት ነው። ግን ልብ በሉ፦ ይኼ በተጫረ ዕለት፣ ቁስል ሳይፈጠር ነው። ነጭ ነጥብ ከወጣ በኋላ ቴትራሳይክሊን እየቀቡ ሳምንት መጠበቅ ሌላ ነገር ነው። ፈንገስን አይገድልም። ሲቀቡት ዓይን ስለሚያደበዝዝ፣ እይታው እየቀነሰ መሆኑንም ይሸፍናል።

ዴክሳ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ነው። ሰውነት ከበሽታ ጋር የሚያደርገውን ውጊያ ያበርዳል። መቅላቱ፣ እብጠቱ፣ ሕመሙ ደግሞ የዚያ ውጊያ ምልክቶች ናቸው። ጠብታው ሲገባ በአንድ በሁለት ቀን ዓይኑ ይነጣል፤ ሕመሙ ይቀልላል። ሰው «ዳንኩ» ይላል። ፈንገሱ ግን ተቃዋሚ አጥቶ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ነው።

መስኮቴ ላይ የሚመጣውን አነጋገር ልንገራችሁ። «የዓይን ጠብታ ስጪኝ፣ ያቺን ቶሎ የምታነጣዋን!» ስሟን አያውቋትም፤ ሥራዋን ግን ያውቃሉ። ማዘዣ ስጠይቅ ይቆጣሉ። «ከእንትና መድኃኒት ቤት ያለ ወረቀት ነው የወሰድኩት» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ያለ ማዘዣ መሸጥ የሌለበት መድኃኒት እንደ ከረሜላ ሲሸጥ ይውላል። ይኼ የእኛ የሙያው ሰዎች ኃጢአት ነው፤ ጸሐፊው ላይ ልላክከው አልችልም።

አንድ የፎገራ ገበሬ መጥተው ነበር። ሩዝ ሲወቁ ገለባ ዓይናቸው ገብቶ፣ ባለቤታቸው በነጠላ ጫፍ አውጥተውላቸዋል። ከዚያ ከአንድ መድኃኒት ቤት ጠብታ ገዝተዋል። ጠርሙሱን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ፤ አንገቱ ላይ ገለባና ትምባሆ ተጣብቆበታል። ዴክሳ ነው። «ልጄ፣ መጀመሪያ ጥሩ አድርጎኝ ነበር። አሁን ግን ፀሐይ አላሳይ አለኝ፤ ሌላ ጨምሪልኝ» አሉኝ። «አባቴ፣ እስቲ ወደ ብርሃኑ ዙሩልኝ» አልኳቸው። ዓይናቸው ቀይ አልነበረም ማለት ይቻላል። ነጩ ነገር ግን የጥቁሩን መሐል ሸፍኖታል። ከታች ደግሞ፣ ከጥቁሩ ግርጌ፣ መግል ተጋድሞ መስመር ሠርቷል። ለአንድም ቀን ቢሆን ጠብታ እንዳይጨምሩ ለምኜ ወደ ሆስፒታል ላክኋቸው። ዓይናቸው ሳይወጣ ተርፏል። በእሱ የሚያዩት ግን ከፊታቸው እጅ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጸሐፊው «ቴትራሳይክሊን ካልሠራ ዴክሳ» ያሉትን መሰላል ጣሉት። ቴትራሳይክሊን ካልሠራ ሐኪም ነው። ዴክሳ በዓይን ሕክምና ውስጥ ቦታ አለው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ፣ ለአንዳንድ የውስጥ የዓይን ብግነት፣ ሐኪሙ በመሣሪያ አይቶ ያዝዘዋል። ያለ ክትትል ሲቆይ ግን የዓይን ግፊት ከፍ አድርጎ ግላኮማ የሚባለውን የሚያሳውር በሽታ ያመጣል፤ የዓይን ሞራም ያመጣል። በሄርፐስ ቫይረስ የቆሰለ ኮርኒያ ላይ ከተደረገም እንደ ፈንገሱ ሁሉ ያባብሳል።

አንድ ተንኮል ደግሞ አለ። አንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ፀረ ባክቴሪያና ስቴሮይድ አንድ ላይ ተቀላቅለው ይመጣሉ። የንግድ ስሙ ላይ ዴክሳ የሚል ነገር አይታይም። ጀርባውን አንብቡ፣ ወይም አስነብቡ። ዴክሳሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ቤታሜታዞን፣ ሃይድሮኮርቲሶን ከሚሉት አንዱ ካለበት ስቴሮይድ አለበት።

ወደ ቤት ውስጥ መፍትሔዎቹ እንመለስ። ጨው ውሃ የሚለው ከሁሉ ይሻላል፤ ሐሳቡ ማጠብ ነውና። ገለባ የገባበት ዓይን ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ፣ ቢቻል ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ቢታጠብ ጥሩ ነው። ጨው መጨመር ግን አያስፈልግም። ለዓይን የሚስማማው የጨው መጠን 0.9 በመቶ ነው፤ በጣት ቆንጥሮ ይኼን ማግኘት አይቻልም። ጨው በዝቶ ዓይኑን ሲያቃጥለው ሰውዬው ያሻል፤ ማሸቱ ደግሞ ጭረቱን ያሰፋዋል። የነጠላ ጫፍም፣ ምላስም ይቅር። በውሃ አልወጣ ካለ ጤና ጣቢያ ያውጡት።

የጡት ወተት ለሕፃን ሆድ ነው የተሠራው። ዓይን ላይ ሲቀር ስኳር አለው፤ ለተሕዋስያን ምግብ ይሆናል። የቅጠል ጭማቂው የባሰ ነው። ዳማከሴ ለምች ታሽቶ ሲሸተት አልከራከርም፤ ያደግሁበት ነው። የተጫረ ዓይን ውስጥ ጥሬ ቅጠል ጨምቆ መክተት ግን አፈርና ተክል ላይ የሚኖረውን ፈንገስ በገዛ እጅ ቁስሉ ውስጥ ማስገባት ነው። ነጭ ሽንኩርትን ጨምሮ የሚያቃጥል ነገር ሁሉ የኮርኒያውን የላይኛ ሽፋን ይልጠዋል። አፍሪካ ውስጥ የዓይን ቁስል ዘግይቶና ተባብሶ ሆስፒታል የሚደርስበት አንዱ ምክንያት ይኼው ነው።

ስለ ጠበሉ የጻፉት አሳዝኖኛል። በጣና ገዳማት ዙሪያ ኖሮ ጠበልን የሚንቅ የለም፤ እኔም አልንቅም። ግን «ጠበል የጀመረ መድኃኒቱን ያቁም» የሚለውን ከየት አመጡት? የኤች አይ ቪ መድኃኒት ላይ ይኼው ክርክር ተነስቶ በነበረ ጊዜ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ ይቻላል ብለው አስተምረዋል። ጠበላችሁን ጠጡ፣ ተጠመቁ፣ ጠብታችሁንም በሰዓቱ አድርጉ። በሰዓት የሚደረግ ጠብታ የ3 ቀን መቋረጥ አይችልም።

አሁን ዓይን ዙሪያ ያለው ቆዳ። «ያገኛችሁትን የፈንገስ ቅባት ቀቡ» የሚለው ላይ ሁለት ነገር አለኝ። ያገኛችሁት ዊትፊልድ ሊሆን ይችላል። ውስጡ ቤንዞይክና ሳሊሲሊክ አሲድ አለው፤ የሚሠራውም ቆዳን እየላጠ ነው። ለእግርና ለወገብ ጭርት ደህና ነው፤ ለዓይን ቆብ ግን አይሆንም። ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፣ ያቆስላል። ክሎትሪማዞል ወይም ኬቶኮናዞል ቅባት ይሻላል። ጉንጭና ግንባር ላይ ስስ አድርጎ፣ ከሽፋሽፍቱ ራቅ ብሎ፣ ሳይቋረጥ ከ2 እስከ 4 ሳምንት። ጭርቱ ጠፋ ብሎ በ3 ቀን መተው ልማዳችን ነው፤ ይመለሳል። ቅንድብ ወይም ሽፋሽፍት ውስጥ ከገባና ፀጉሩ መርገፍ ከጀመረ ግን ቅባት ብቻውን ሥሩ ድረስ አይደርስም፤ የሚዋጥ መድኃኒት በሐኪም ይታዘዛል። ደግሞም የቆዳ ቅባት በምንም ዓይነት ዓይን ውስጥ አይገባም። «ፈንገስ ለፈንገስ ያው ነው» እያሉ ክሎትሪማዞል ክሬም ዓይናቸው ውስጥ የቀቡ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ሁለተኛው፦ ያገኛችሁት ስቴሮይድ ሊሆን ይችላል። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለበት ቅባት፣ ወይም አንዳንዱ ፊት የሚያቀላ ክሬም። ጭርት ሲቀባበት ማሳከኩ ይጠፋል፤ ክብ ጠርዙም ይጠፋል። በሽታው ግን ስር ስሩን ይሰፋል፤ መልኩን ስለሚለውጥ ሐኪሙም ለመለየት ይቸገራል። እዚህም ያው የዴክሳው ታሪክ ነው። ልዩነቱ ቆዳው ላይ ሲታወቅ ማቆም ይቻላል፤ ዓይን ዙሪያ ለወራት ሲቀባ ግን ቆዳውን ያሳሳል፣ የዓይን ግፊትንም ይነካል።

ዓይን ቆብ ላይ የሚቀረፍ ሁሉ ጭርት አይደለም። ቅንድብ ላይ፣ ሽፋሽፍቱ ሥር፣ በአፍንጫ ጎን የሚታየው ቅባት ያለበት ፎረፎር ማላሴዚያ ከሚባል ፈንገስ ጋር የተያያዘ ነው። ፈንገሱ የሁላችን ቆዳ ላይ የሚኖር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ፣ በጣም በቀጠነ የሕፃናት ሻምፑ፣ ጠዋትና ማታ የሽፋሽፍቱን ሥር ማጽዳት። የራስ ቅልን ፎረፎርም ማከም። በቃ።

«ጥቁር ፈንገስ» ላይ አልቆይም። በ2021 እ.ኤ.አ. ህንድ ውስጥ በኮቪድ ጊዜ የበረከተው በሽታ እውነት ነው፤ ገዳይም ነው። ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም። በዋናነት የሚያጠቃውም ስኳሩ ከቁጥጥር የወጣ ሰውን ወይም መከላከያው የተዳከመን ሰው ነው። የስኳር ሕመምተኛ ሆኖ ፊቱ በአንድ በኩል ያበጠ፣ ነገር ሁለት ሁለት የሚታየው ወይም አፍንጫው ውስጥ ጥቁር ቅርፊት ያየ ሰው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ። ሌላው ሰው እንቅልፉን ይተኛ።

የቀረው «በ7 ቀን ይድናል» የሚለው ነው። የኮርኒያው በ7 ቀን አይድንም። ሐኪሙ መጀመሪያ ዓይኑን አደንዝዞ ከቁስሉ ላይ ትንሽ ይፍቃል። ፍቁ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ የፈንገሱ ክሮች እዚያው ሊታዩ ይችላሉ። ይኼን ስነግራቸው «ዓይኔን ሊፍቁኝ ነው?» ብለው የሚደነግጡ አሉ። ስለተደነዘዘ አያምም። ያለዚያ ግን ባክቴሪያ ይሁን ፈንገስ በግምት ነው የሚታከመው።

ለገለባና ለአፈር ፈንገሶች የመጀመሪያ ምርጫው ናታማይሲን 5 በመቶ ጠብታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ህንድ ውስጥ 323 ሕመምተኞች የተሳተፉበት፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከአዲሱና ከውዱ ቮሪኮናዞል ጋር አወዳድሮት ናታማይሲን በልጧል፤ በተለይ ፉሳሪየም ላይ። በዚያ ጥናት ላይ ሕመምተኞቹ የመጀመሪያውን ሳምንት ነቅተው ባሉበት ሁሉ በየሰዓቱ፣ ከዚያ እስከ 3ኛው ሳምንት በየ2 ሰዓቱ ነበር የሚያደርጉት። ይኼ ለገበሬ ከባድ ነው። ሥራ ያስፈታል፤ ጠብታውን የሚያደርግለት ሰውም ከጎኑ ይፈልጋል። መድኃኒቱም በየመደርደሪያው የሚገኝ አይደለም። ካንዲዳ የሚባለው እርሾ መሰል ፈንገስ ከሆነ አምፎቴሪሲን የሚባለው መድኃኒት ይመረጣል። ሁሉም አልሆን ብሎ ኮርኒያው ሊበሳ ከደረሰ በለጋሽ ኮርኒያ መተካት ይመጣል፤ ለዚህ የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ አዲስ አበባ አለ፤ ወረፋውና መንገዱ ግን አለ።

ናታማይሲን ከተጻፈላችሁ ጠርሙሱን ከመጠቀማችሁ በፊት ነቅንቁት፤ ዱቄቱ ታች ይዘቅጣል፣ ሳይነቀነቅ ከላይ የሚወጣው ውሃው ብቻ ነው። ዓይን ላይ ነጭ ነገር ቢቀር አትደንግጡ፤ መድኃኒቱ ነው። ዓይኑን በጨርቅ አትሸፍኑት፤ ሙቀትና እርጥበት ነው የምትጨምሩለት። ከሌላ ጠብታ ጋር ከታዘዘ በመካከላቸው ቢያንስ 5 ደቂቃ አቆዩ።

ገለባ፣ እሾህ ወይም ቅርንጫፍ የነካው ዓይን በማግስቱም ካመመ፣ ብርሃን ካስጠላው ወይም ነጭ ነጥብ ከታየበት መድኃኒት ቤት አትምጡ፤ እኔም ጋ ቢሆን። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን አሉ፤ ከሐይቁ በስተሰሜን ላላችሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይቀርባል። ስትሄዱ እስከዚያ ቀን የተጠቀማችሁትን ጠብታና ቅባት ሁሉ፣ ባዶውንም ጠርሙስ ቢሆን፣ ይዛችሁ ሂዱ። ቅጠልም ከሆነ ቅጠል ነው በሉ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።